የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ስካይሪምን ከነሞዶቹ ማንበብ

ስካይሪምን የሚጫወት ሰው የለም። ጌሙ ተረስቷል ማለቴ አይደለም፤ ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ከወጣ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሰው ሲጀምረው፣ ሲተወው፣ ተመልሶ ሲጀምረው ይኸው አለ። ማለት የፈለግኩት ሌላ ነው። በኮምፒውተር ስካይሪምን የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጌም ይዘው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ጋ ብርዱ ይገድላል፤ እሳት አጠገብ ካላደረ ጀግናው በረዶ ላይ ይቀራል። ሌላዋ ጋ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ግን የጠላት ሰይፍ ሁለቴ ካገኛት አለቀላት። ሦስተኛው ደግሞ ዋናውን ታሪክ ከነድራጎኑ ትቶ ቤት እየሠራ፣ ዳቦ እየጋገረ ይኖራል። ሦስቱንም ብትጠይቋቸው "ስካይሪም እየተጫወትኩ ነው" ይሏችኋል።

ልዩነቱን ያመጡት ሞዶች ናቸው። ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በአብዛኛው በነጻ የሚያካፍሉት ተጨማሪ ወይም ማሻሻያ ነው፤ አዲስ ሰይፍ፣ አዲስ መንደር፣ አዲስ ታሪክ፣ አንዳንዴም የአንዲት ፊደል ግድፈት ማረሚያ። የጌሙ ሠሪ ቤተስዳ በዚህ ረገድ በሩን ከፍቶ የኖረ ድርጅት ነው። ሞሮዊንድን በ2002 ሲያወጣ ዓለሙን የሚገነቡበትን መሣሪያ አብሮ ሰጥቷል፤ ለስካይሪምም ክሪኤሽን ኪት የተባለውን በፌብሩዋሪ 2012 ለቋል። ዛሬ ኔክሰስ ሞድስ ላይ ብቻ ለስካይሪም የተሠሩት ሞዶች ከመቶ ሺህ ይበልጣሉ።

ስለ ስካይሪም የሚጻፈው ሂስ ግን አብዛኛው ከሳጥኑ እንደወጣ ስላለው ጌም ነው። ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ዋናው ታሪክ ስስ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው ይባላል። እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን ግማሽ መጽሐፍ አንብቦ ስለ ሙሉው እንደ መፍረድ ነው። ሞድ የሚጭን ተጫዋች አንባቢ ብቻ አይደለም፤ አርታዒም ነው። የብዙ ሰዎችን ጽሑፍ ሰብስቦ፣ የማን ቀድሞ የማን ይከተል ብሎ ደርድሮ፣ ሲጋጩ ፈርዶ ነው አንዱን ዓለም የሚያቆመው። ሰው "ዛሬም ሲስተካከል ዋለ፣ አንድም ሰዓት አልተጫወተም" ብሎ የሚያሾፍበት የብልሽት ፍለጋ ሥራ፣ ለእኔ ይህ ዘርፍ ያለው ከባዱና ጥንቁቁ ንባብ ነው። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት ይኖርብናል።

ያልተናገሩትን መናገር

የስካይሪም ዓለም የተሠራው ከመዝገቦች ነው። እያንዳንዱ ሰይፍ፣ እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝገብ አለው፤ መዝገቡም ስምንት አሃዝ ያለው መታወቂያ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች መዝገቡ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ይናገራሉ፣ የቀሩት ስድስቱ የራሱ የመዝገቡ ናቸው። አቆጣጠሩ በአሥራ ስድስት መደብ ስለሆነ ሁለቱ አሃዞች 256 ቦታ ይሰጣሉ። በ2016 በወጣው ስፔሻል ኤዲሽን ከነዚያ ሁለቱ ለሌላ ሥራ ስለተያዙ፣ ለሙሉ ፕለጊን የሚቀረው 254 ነው። በ2017 "ቀላል" የሚባለው ዓይነት ፕለጊን መጣና እስከ 4096 የሚደርሱ ትንንሽ ሞዶች አንድ ቦታ ተጋርተው እንዲኖሩ ፈቀደ። ቦታው ሰፋ፣ ጠቡም በዛ።

ጠቡ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሁለት ሞዶች አንድን መዝገብ ሲነኩ ጌሙ በጥቅሉ አያዳቅላቸውም። ከሁለቱ በኋላ የተጫነውን ይወስዳል፣ የቀደመውን እንዳልነበረ ይቆጥረዋል። የመጨረሻው ያሸንፋል፣ በቃ። ተጫዋቾች ሎድ ኦርደር የሚሉት፣ ማለትም ፕለጊኖቹ የሚጫኑበት ቅደም ተከተል፣ ስለዚህ ነው እንቅልፍ የሚነሳቸው።

በምሳሌ እንየው። በዋይትረን ከተማ ባነርድ ሜር የሚባል መሸታ ቤት አለ። ስካይሪም የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሐሉ ላይ እሳት፣ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር። አንድ ሞድ የቤቱን ብርሃን ያደበዝዛል፤ እሳቱ ብቻ እንዲያበራ፣ ጥጋጥጉ እንዲጨልም አድርጎ። ሌላ ሞድ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ አንዲት ወንበር ይጨምራል። ወንበር ብቻ! ስለ ብርሃን ምንም ሐሳብ የለውም። ግን የወንበሩ ደራሲ በክሪኤሽን ኪት ክፍሉን ሲነካ የክፍሉ መዝገብ ግልባጭ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ስሙ፣ ሙዚቃው፣ የድሮው ብርሃንም ጭምር። ወንበሩ ኋላ ከተጫነ ደብዛዛው ብርሃን ይጠፋል፣ መሸታ ቤቱ እንደ ድሮው ፏ ይላል። ተጫዋቹም የብርሃኑን ሠሪ "ሞድህ አይሠራም" ብሎ ይወቅሳል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። የወንበሩ ሠሪ ያልተናገረውን ተናገረ። ከዋናው ጽሑፍ ሳያስበው የገለበጠው መስመር የሌላውን ሰው የታሰበበት መስመር ሻረው። የድሮ ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ የራሱን እርማት ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ቅጂ ጉድለት ሁሉ አብሮ እንደሚያሳልፈው ማለት ነው። በዚህ ዓለም ዝምታ ዝምታ ሆኖ አይቀርም፤ የድሮውን ቃል እንደ አዲስ ቃል ያውጃል።

አንድም

"የመጨረሻው ያሸንፋል" የሚለው ሕግ የቴክኒክ ነገር ይመስላል፤ ለማሽኑ ቀላል ስለሆነ የተመረጠ። ግን ጽሑፍን ስለ ማንበብ አንድ አቋም አለበት። ብዙ ቃል ቢኖርም የሚጸናው አንድ ነው፣ የቀረው ይጣላል የሚል አቋም።

የኛ ቤት የንባብ ባህል ይህን አቋም አይቀበልም። የአንድምታ መምህር የግእዙን ንባብ ያነብና ፍቺውን ይሰጣል፤ ከዚያ "አንድም" ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ "አንድም" ብሎ ሦስተኛ ይደግማል። ኋላ የመጣው የቀደመውን አይሽረውም። ተማሪው ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፤ ሚዛኑን የሚያውቀውም ሁሉንም ስለሰማ ነው። ስካይሪም "አንድም" ማለት አይችልም። የሚያውቀው "ይልቁንም" ማለት ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ የጌሙ የራሱ አፈ ታሪክ ከማሽኑ ይልቅ ለአንድምታ መቅረቡ ነው። ከዚሁ ተከታታይ በ1996 የወጣው ዳገርፎል ብዙ መጨረሻዎች አሉት፤ ተጫዋቹ ኃያሉን መሣሪያ ለማን እንደሰጠ የዓለሙ ዕጣ ይለያያል። ቀጣዩ ጌም ሲሠራ ጸሐፊዎቹ ችግር ገጠማቸው። የትኛው ነው እውነተኛው መጨረሻ? አንዱን መርጠው ሌላውን መጣል ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈጽሟል ማለትን ነው። ጊዜ ራሱ ተሰብሮ፣ የሚቃረኑት መጨረሻዎች ጎን ለጎን እውነት ሆኑ፤ የዓለሙ ነዋሪዎችም ለዚህ ክስተት "የድራጎን ስብራት" የሚል ስም አላቸው። ለእኔ ይህ ተከታታዩ ካፈለቃቸው ሐሳቦች ሁሉ የሚበልጠው ነው። ታሪኩ ተቃርኖን ይሸከማል፤ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ግን ሁለት የመሸታ ቤት ብርሃኖችን መሸከም አቃተው።

ሦስት ዓይነት ብልሽት

ብልሽት ሁሉ አንድ አይደለም። ሦስት ዓይነት እንበለው።

አንደኛው ጌሙን የሚዘጋው ነው። ስክሪኑ ድርግም ይልና ዴስክቶፕ ላይ ቁጭ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ቅኑ እሱ ነው። ችግር እንዳለ በግልጽ ይናገራል። ዋናው ሜኑ ላይ ሳይደርስ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ አንድ ፕለጊን የተመሠረተበት ሌላ ፋይል ጎድሎ ነው፤ አባት የሌለው ልጅ እንደማለት። አንድ ቦታ በተጠጋችሁ ቁጥር ከተዘጋ ደግሞ ችግሩ እዚያ ቦታ ካለ ዕቃ፣ ወይም ሰዎቹ በሚረግጡት የማይታይ የመሄጃ ካርታ ሊሆን ይችላል። ክራሽ ሎገር የሚባሉት ሞዶች ጌሙ ሊዘጋ ሲል የነካውን መዝገብ ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ ንባቡ ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛው በዓይን የሚታየው ነው። ታዋቂው ምሳሌ ጥቁር ፊት የሚባለው ነው፤ የአንድ ሰው ገላ እንደ ወትሮው ሆኖ ፊቱ ብቻ አመድ ወይም ከሰል ይመስላል። መንስኤው ያስተምራል። ሰውየው ምን ዓይነት አፍንጫና ዓይን እንዳለው የሚናገረው ፕለጊኑ ውስጥ ያለ መዝገብ ነው፤ ፊቱን የሚስለው ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ የምስል ፋይል። መዝገቡ የሚያሸንፈው በሎድ ኦርደር ነው፣ የምስሉ ፋይል ግን የሚያሸንፈው ሞዶቹ በሞድ ማስተዳደሪያው ውስጥ በተደረደሩበት በሌላ ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ሊስት፣ ሁለት ዳኛ። መዝገቡን አንዱ ሞድ ምስሉን ሌላው ሲያሸንፍ ቃልና መልክ ይለያያሉ፤ ጌሙ ፊቱን ያጠቁረዋል። መፍትሔው አንዱን ሞድ በሁለቱም ሊስት አሸናፊ ማድረግ ነው። ይህን አንዴ የገባው ሰው ጀማሪ መባሉ ያበቃል።

ሦስተኛውና ክፉው ዝም የሚለው ነው። ሽፍቶች የሚይዙት መሣሪያ የሚመረጠው ደረጃ ካለው ዝርዝር ነው። አንድ ሞድ ሃያ አዳዲስ ሰይፎች ወደ ዝርዝሩ ይጨምራል፣ ሌላ ሞድ አሥር ቀስቶች። የቀስቱ ኋላ ከተጫነ ሰይፎቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ጌሙ አይዘጋም፣ ፊት አይጠቁርም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። መቶ ሰዓት ተጫውታችሁ አንዱንም ሰይፍ ላታዩ ትችላላችሁ፤ ምናልባትም "ይሄ ሞድ ምንም አዲስ ነገር የለውም" ብላችሁ ትፈርዳላችሁ። ስንት ደራሲ ነው ሳይነበብ የተፈረደበት?

ሰው ጥፋተኛውን ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጋመስ ነው። ግማሹን ሞድ አጥፍቶ መሞከር፣ ችግሩ ካለ የቀረውን ግማሽ እንደገና ማጋመስ። ሁለት መቶ ሞድ ቢኖራችሁ በስምንት ሙከራ አንዱ ላይ ትደርሳላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ጥፋቱ የአንድ ሞድ ነው ከሚል ግምት ይነሳል። ችግሩ ከሁለት ሞዶች ግንኙነት የመጣ እንደሆነና ማጋመሱ ሁለቱን ለየብቻ ከጣላቸው፣ የቱም ግማሽ ጤነኛ ይሆናል። እያንዳንዳቸው ንጹሕ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እንዲህ ያለውን ጥፋት በማጥፋትና በማብራት አታገኙትም። ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሽማግሌው

ጎን ለጎን ለማንበብ የተሠራው መሣሪያ ኤክስኤዲት ነው፤ ለስፔሻል ኤዲሽን የሚሆነው ቅጂ ኤስኤስኢኤዲት ይባላል። አንድ መዝገብ ስትከፍቱ በግራ በኩል የዋናውን ጌም ቃል ታያላችሁ፣ ቀጥሎ መዝገቡን የነካውን እያንዳንዱን ሞድ በየዓምዱ፣ በስተቀኝ ጫፍ አሸናፊውን። የተጋጩት መስመሮች ቀለም ይቀባሉ። ሂሳዊ ሕትመት አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይሄ አዲስ አይሆንባችሁም፤ የብራናዎቹን ልዩነት ከግርጌ ዘርዝሮ "እዚህ ቅጂ ላይ እንዲህ ይላል" እንደሚለው ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ ይህን የሚያደርገው አንድ ሊቅ ሳይሆን ሌሊት ሙሉ መጫወት ፈልጎ ያልቻለ ልጅ መሆኑ ነው።

ከኤክስኤዲት በፊት ብዙ ሰው የሚደርሰው ወደ ሉት ነው። ሉት በተጫዋቾች የተጠናቀረ የሕጎች ዝርዝር ይዞ ፕለጊኖቹን ራሱ ይደረድራል፣ የታወቁ ችግሮችንም ያስጠነቅቃል። ጠቃሚ ነው። ግን መደርደር ማስታረቅ አይደለም። ሉት የሚወስነው ማን ኋላ እንደሚመጣ ነው፤ ኋላ የመጣው የቀደመውን መሻሩ አይቀርም። ብርሃኑና ወንበሩ በየትኛውም ቅደም ተከተል ሙሉ ለሙሉ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ክፍሉ ላይ ሌላ ነገር የሚለውጡ ከሆነ አንዱን ስታስቀድሙ የሌላው ይጎድላል።

እዚህ ጋ ነው ፓች የሚመጣው። ፓች ከሁለቱም በኋላ የሚጫን ትንሽ ፕለጊን ነው፤ ከአንዱ ብርሃኑን፣ ከሌላው የቀረውን ለውጥ ወስዶ አንድ አዲስ መዝገብ ያደርጋል። ለዝርዝሮች ደግሞ ራይ ባሽ የሚባለው መሣሪያ የሁሉንም ጭማሪ ያሰባሰበ አንድ ፓች ይሠራል፤ ሰይፎቹም ቀስቶቹም ይኖራሉ። ፓች ሠሪው የራሱ ታሪክ የለውም፣ ሰይፍም ሆነ ወንበር አይጨምርም። ሥራው ሁለቱን ወገን ሰምቶ፣ ለየትኛው መስመር የማን ቃል እንደሚገባ መዝኖ ማስማማት ነው። በአገራችን ለዚህ ሥራ ቃል አለን፤ ሽምግልና። "የመጨረሻው ያሸንፋል" የሚለውን ሕግ መሻር ባይችልም፣ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ሁለቱን ያስማማበታል። ለእኔ የሞድ ዓለም ትልቁ ሥነ ጽሑፍ ይህ ነው፤ ጥቂት ኪሎባይት የምትመዝን፣ ማንም ስክሪንሾት የማያነሳላት ፋይል።

ሽምግልና ግን አድልዎም አለበት። ተጫዋቾች የሠሩት ኢ-መደበኛው ጥገና፣ በሺዎች ሊስቶች ውስጥ መሠረት የሆነው ሞድ፣ የጌሙን ብዙ ጉድለቶች አርሟል። መዝጊያው የማይከፈት በር፣ የማይጨረስ ተልእኮ፣ የተሳሳተ ፊደል። በዚህ ማንም አይጣላም። ግን ስህተት የሚባለው የቱ ነው? በዋናው ጌም መድኃኒት በመቀመምና ልብስ በማስማት እየተፈራረቁ ኃይልን ወሰን እስከማጣት ማብዛት ይቻላል። ጥገናው ይህንን ዘጋው። አንዳንዱ "ልክ ነው፣ ቀዳዳ ነበር" ይላል፤ ሌላው "እኔ ላይ ምን አገባችሁ? ብቻዬን ነው የምጫወተው" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። አርታዒ የፊደል ግድፈት ሲያርም ቆይቶ ሐሳብ ማረም የሚጀምርበት መስመር ቀጭን ነው፤ እዚህም ያው ነው።

ሴቭ አይረሳም

ብልሽትን ማንበብ ከሚያስተምራቸው ነገሮች ለደራሲዎች የሚጠቅም አንድ አለ። ጀማሪ ሞድ ካልወደደ ያጠፋዋል፤ ጨዋታውን ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ነገሮች መበላሸት ይጀምራሉ። የስካይሪም ስክሪፕቶች የሚጻፉበት ቋንቋ ፓፒረስ ይባላል፣ ስሙ ከጥንቱ የጽሑፍ ተክል የመጣ። የሚሠሩ ስክሪፕቶች ያሉበት ሁኔታ ሴቭ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። ሞዱን ብታጠፉት ሴቭ ፋይሉ አሁንም ያስታውሰዋል፤ የሌለን ነገር ይጠራል፣ የማይመጣ መልስ ይጠብቃል። ስለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች "መሐል ላይ አትንቀል፣ መንቀል ካለብህ አዲስ ጨዋታ ጀምር" የሚሉት።

ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከምዕራፍ ሦስት አንድ ገጸ ባሕርይ ብታወጡ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሌላው ሰው አሁንም ይናፍቀዋል። ልዩነቱ፣ ልብ ወለዱ ዝም ብሎ ይሰነክላል፤ ስካይሪም ይዘጋል።

የመጨረሻው ቃል

እስካሁን ያወራነው በሞዶች መካከል ስላለው ግጭት ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሎድ ኦርደር አለ፤ የባለቤቱ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው።

በኤፕሪል 23 ቀን 2015 ቫልቭና ቤተስዳ የስካይሪም ሞዶች በስቲም ላይ በገንዘብ እንዲሸጡ ፈቀዱ። ከሽያጩ ለሠሪው የሚደርሰው 25 በመቶ ነበር። ተቃውሞው ከባድ ስለነበር ከአራት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 27፣ ተሠረዘ። በጊዜው ብዙ ሰው የተቆጣው "ነጻ የነበረው ለምን ይሸጣል" ብሎ ነው። ለእኔ ያ ቁጣ ከጥያቄው ግማሹን ብቻ ነው የነካው፤ ሠሪው ለድካሙ ቢከፈለው ነውር የለውም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነበር። በሌሎች አሥር ሞዶች ላይ የቆመ፣ በሦስት ፓች የታረቀ ሥራ ሲሸጥ ገንዘቡ የማን ነው? የሽማግሌውስ ድርሻ? ቤተስዳ በ2017 ክሪኤሽን ክለብን፣ በ2023 ዲሴምበር ደግሞ አዲስ የሽያጭ አሠራር ይዞ ተመለሰ። ጥያቄው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ አለ።

ከገንዘቡ ይልቅ የዕለት ተዕለቱ ጉዳት የሚመጣው በአፕዴት ነው። ኤስኬኤስኢ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጌሙ ያልሰጠውን ችሎታ ለሞዶች የሚሰጥ፣ በጌሙ ዋና ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ። ቤተስዳ ፕሮግራሙን በለወጠ ቁጥር አድራሻዎቹ ይለዋወጡና ኤስኬኤስኢ ይቆማል፤ በሱ ላይ የተደገፉ ሞዶችም አብረው። በኖቬምበር 2021 የአሥረኛ ዓመት እትም ሲወጣ ፕሮግራሙ በአዲስ መሣሪያ ስለተጠናቀረ ብዙዎቹ እንደገና መሠራት አስፈልጓቸዋል። ብዙ ተጫዋች ወደ ቀድሞው ቁጥር 1.5.97 ተመልሶ እዚያው ቀረ። በ2023 መጨረሻም ተደገመ። የሞተ ሞድ ሠሪ፣ ወይም ሥራ ይዞ የተወ፣ ተመልሶ ሞዱን አያድስም። አፕዴቱ የሚገድለው ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያለውን ነው፤ ጠባቂ የሌለውን።

ማኅበረሰቡም የራሱ ቁስል አለው። በጁላይ 2021 ኔክሰስ ሞድስ የተዘጋጁ የሞድ ስብስቦችን ሊጀምር ሲል፣ ከእንግዲህ ሠሪዎች የሰቀሉትን ፋይል እስከ መጨረሻው ማጥፋት እንደማይችሉ አስታወቀ፤ ፋይሉ ከገጹ ቢወርድም ማኅደር ውስጥ ይቆያል። ይህን የማይፈልጉ ሠሪዎች ሥራቸውን ጨርሰው ለማስወጣት አንድ ወር ገደማ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ወጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ፋይል ከጠፋ በሱ ላይ የቆመ ስብስብ ሁሉ ይፈርሳል። የሠሪው ቅሬታም ግልጽ ነው፤ የጻፍኩትን መልሼ መውሰድ ካልቻልኩ የማን ነው? እኔ እዚህ ላይ ወደ ኔክሰስ አደላለሁ። የታተመ መጽሐፍ ከሰው መደርደሪያ አይሰበሰብም። ግን አሳታሚ ለደራሲው የሚከፍለው ነገር አለ፤ እዚህ ያ ነገር ስስ ነው።

ስብስቦቹስ? በአንድ ክሊክ አምስት መቶ ሞድ፣ ተደርድሮ፣ ታርቆ፣ ተፈትኖ። ዋባጃክ የሚባለውም ይህንኑ ያደርጋል። በግሌ አልቃወማቸውም፤ ሥራ ውሎ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ኤክስኤዲት ይማር ማለት ጭካኔ ነው። የሚያሳስበኝ፣ ሽምግልናው የማይታይ መሆኑ ነው። ስብስቡን ያዘጋጀው ሰው ሺህ ቦታ ላይ ፈርዷል፤ የማን ብርሃን፣ የማን ፊት፣ የማን ሰይፍ። ተጫዋቹ ያንን ፍርድ እንደ ጌሙ ተፈጥሮ ይቀበለዋል። ብልሽት ሲመጣም ምን ማንበብ እንዳለበት አያውቅም፤ ስብስቡን አጥፍቶ ሌላ ያወርዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደራሲ ሊወለድ እንደሚችል ዘ ፎርጎተን ሲቲ ምስክር ነው። በ2015 የስካይሪም ሞድ ሆኖ ወጣ፤ በ2016 ከአውስትራሊያ የጸሐፊዎች ማኅበር ሽልማት አገኘ፤ በ2021 ሠሪው ኒክ ፒርስ ከስካይሪም አውጥቶ፣ ታሪኩን ወደ ሮማውያን ከተማ ወስዶ ራሱን የቻለ ጌም አደረገው። ታሪኩ አንድ ሰው ሕግ ከጣሰ ሁሉም ስለሚሞቱባት ከተማ ነው። ሎድ ኦርደር ሲያስተካክል የከረመ ሰው ይህን ታሪክ ማሰቡ አይገርመኝም።

የኛ ፊደል

ስካይሪም በአማርኛ አልወጣም። ይፋ ከሆኑት ቋንቋዎቹ መካከል የለንም። ግን የጌሙ ጽሑፍ ከሌላው ነገር ተለይቶ በራሱ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ፊደሉም ፎንት ሆኖ በበይነ ገጹ ፎልደር ውስጥ አለ፣ የትኛው ፎንት ለየት እንደሚሆን የሚናገር ተራ የጽሑፍ ፋይልም ከጎኑ። ፎንት በሞድ ይለወጣል፤ ሰው ሁሌም ያደርገዋል። ስለዚህ ግእዝ ፊደል ያለው ፎንት ማስገባትና ከመሸታ ቤት አሳላፊዋ ንግግር መጀመር ለፍላጎቱ ላለው ሰው የተዘጋ በር አይደለም። ፈተናው ቴክኒክ ላይ አይደለም ያለው፤ ብዛቱ ላይ ነው። ጌሙ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ብቻ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሌላም አለ፤ የትርጉም ሞድ መዝገቡን በፕለጊን ከነካ ቅድም ያየነው ሁሉ ይደርስበታል። አንዲት ወንበር የጨመረ እንግሊዝኛ ሞድ ኋላ ቢጫን የመሸታ ቤቱን ስም መልሶ እንግሊዝኛ ያደርገዋል። የአማርኛው ስካይሪም ከተርጓሚ እኩል ሽማግሌ ያስፈልገዋል።

ሞድ መጫን ልትጀምሩ ለምታስቡ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በአምስት መቶ አትጀምሩ። አሥር ምረጡ። ሞድ ኦርጋናይዘርን ተጠቀሙ፤ የጌሙን ፎልደር ሳይነካ ሞዶቹን በየራሳቸው ቦታ ስለሚያቆይ ምን የት እንዳለ ታያላችሁ። አሥሩን በኤክስኤዲት ክፈቷቸውና ቀለም የተቀባውን መስመር ፈልጉ። ማን ማንን እንደሻረ፣ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ጠይቁ። ከዚያ ሁለቱን የሚያስማማ አንዲት ፓች ራሳችሁ ሥሩ። ከዚያ በኋላ "ይሄ ሞድ አይሠራም" የሚል ሰው ስትሰሙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል፤ "ከሱ በኋላ የተጫነው ማን ነው?" ትላላችሁ።